የላም ሰባት ቤት

ጋሼ ሊሞቱ አንድ ወር ሲቀራቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ሱሉልታ ያለው በረቴ ድረስ መጡ። የላሜን የወለላን ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ሰባተኛዋ ሴት ከሆነች ቶሎ ንገሪኝ» አሉኝ። ወለላ ግን ወንድ ወለደች፤ እሳቸውም ሞቱ። እኔም ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለሙት ዓመታቸው ሰባተኛዋን አቀርባለሁ!» ብዬ አረፍኩት። ላም ታዝዛ የምትወልድ ይመስል! ምላሴ እንዲህ ነው፤ እሱ ይቀድማል፣ እኔ ከኋላው እለቅማለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጋሼ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። ሱሉልታ መጥተው ከብት ሊያረቡ ሲነሱ ስለ ወተት የሚያውቁት ማኪያቶ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከብት ገበያ ይዘዋቸው የወጡት እኩያቸው የሆኑ የሰፈራችን ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጋሼ አንዲት ጊደር ከፊት አዩ፣ ከኋላ አዩ፣ ጥርሷን አስከፍተው አዩ። ከዚያ ሻጩን ጠጋ ብለው፣ «ኦርጅናል ናት?» አሉት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ይህን ሲያወሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ጋሼ ግን የያዙትን የሚለቁ ሰው አልነበሩም። አንድ የፈረንጅ ዲቃላ ኮርማ ገዙና ለሰፈሩ ላም ሁሉ በነፃ ፈቀዱ። እኔ ያኔ ከአበባ እርሻ ሥራ ተቀንሼ በእጄ ያለችኝ አንዲት ዳለቻ ላም ብቻ ነበረች። በኮርማቸው አስጠቃኋት፤ ቦቃ ተወለደች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቆንጆ ጥጃ። ቦቃ ለእናትነት ስትደርስ ለዚያው ኮርማ ነድቼ ወሰድኳት። ጎረቤቶቼም እንደዚያው። ማን ይጠይቃል? ኮርማው ደጅ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ከዚያ ጥጃው ይኮሰምን ጀመር። አንዱ መቆም አቃተው፣ አንዱ ዓይነ ስውር ሆኖ ወጣ። ቦቃ ሁለቴ የሞተ ወለደች። «ቡዳ በላብን» አልን፤ በረቱን ጠበል ረጨን፤ የጠረጠርነውን ጎረቤት ሰላምታ ነፈግን።

አንድ ቀን ቦቃን ለሦስተኛ ጊዜ ይዤ የጋሼ ግቢ ወረፋ ስጠብቅ ኦቦ መጡና ጋሼን በር ላይ ያዟቸው።

«ልጅህን ስትድር ስንት ቤት ቆጠርክ?»

«ሰባት ነዋ! ምን ማለትህ ነው?»

«የዚች የቦቃ አባትስ ማነው?»

ጋሼ በኩራት ኮርማቸውን አሳዩ።

«ታዲያ አሁን ለማን ልትድራት ነው?»

ጋሼ ቦቃን አዩ፣ ኮርማውን አዩ። ኦቦ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ኩን ሰፉዳ፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ» አሉ። ይህ ሰፉ ነው፣ ወንድሜ፣ ማለታቸው ነው። ሰፉ ነውር ማለት ነው ቢባል አይበቃም፣ ከዚያ ይከብዳል፤ ሰው ባያይህ ምድር የምትታዘብህ ነገር ነው።

ሌላ ነጋዴ ቢሆን «አንተ ማነህ!» ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር። ጋሼ በነጋታው ያን የሚኮሩበትን ኮርማ ለሉካንዳ ጫኑት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ቤት ለቤት ዞሩ። እኔም ደጅ ቆሙና፣ «ጥጆችሽን የበላው ቡዳ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ኮፍያቸውን ከእጃቸው ተቀብዬ ራሳቸው ላይ መለስኩላቸው።

ከዚያ ወዲያ የተመረጠ ዘር በቀዝቃዛ ዕቃ ይዞ በሞተር የሚመጣ አዳቃይ አስለመዱን። አዳቃዩ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ግን ጋሼ ባለላሙን ያቆሙና፣ «ቁጠር!» ይላሉ። የላሟን እናት፣ የእናቷን እናት፣ ከየአንዳንዷ ጋር የአባቷን ኮርማ መለያ ቁጥር፣ ያውም በቃል። ያልቆጠረ እንደሆነ ሞተሩ ተነስቶ ይሄዳል። እኔን ደግሞ ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ሰርግ ቤት ሳህን ይዤ ቆሜ እንኳ አይለቁኝም። «አንቺ፣ እስቲ ቁጠሪ!»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ! እንኳን የላሜን የራሴንም ከአያቴ በላይ አላውቅ!»

«አንቺን ማን ያልብሻል? የላምሽን ቁጠሪ!»

እየተናደድኩ ቆጠርኩ። እየቆየ የሰበታና የቡራዩ ባለላሞች፣ የጫንጮዎቹ ሳይቀሩ፣ ጊደር ፍለጋ እኛ ሰፈር መምጣት ጀመሩ። ታዲያ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት፣ «እስቲ ቁጠሩልን» ይላሉ። ያ የሳቀባቸው ገበያ በጋሼ ቃል መገበያየት ያዘ። ደስ ይል ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ለራሳቸው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኛው በረት ሰባት ቤት የሞላች ጥጃ ማየት። የአንዱ ላም በበሽታ ሞተች፣ የአንዱ ተሸጠች፣ የአንዱ መሬት ለግንባታ ሄዶ ከብቱ ተበተነ። ስድስተኛው ቤት ላይ የደረሰችው የእኔ ወለላ ብቻ ነበረች። የለቅሶ ቤቱን ፉከራዬን ያመጣው እሱ ነው።

ሙት ዓመቱ እሁድ ነበር። እንደገና ያረገዘችውን ወለላን ሐሙስ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ኦቦ ከጎኔ ቆመው በኦሮምኛ ይመርቃሉ፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሁለት እግር ብቅ አለ፣ አፍንጫ ተከተለ፣ ጥጃው ድርቆሹ ላይ ዘፍ አለ። ማየት ፈራሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምንድነው?»

ኦቦ ጎንበስ ብለው የኋላ እግሯን አነሱ። «ዱርባ!» ብለው ጮኹ። ልጃገረድ!

እልልታዬ ጫንጮ ሳይሰማ አይቀርም።

እሁድ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ትልልቅ ሰዎች ከወረቀት ብዙ አነበቡ፤ ሕዝቡ ያዛጋል። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ። ወረቀት የለኝም። ቆምኩና ቆጠርኩ። «ዳለቻ ቦቃን ወለደች፤ አባቷ ያ ኮርማ።» ሰው ሳቀ፤ ነገሩን የሚያውቁት ደግሞ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቦቃ ጉራቻን ወለደች፣ ጉራቻ ዘመናይን፣ ዘመናይ አደይን፣ አደይ ወለላን።» የአንዱንም አባት ቁጥር አልዘለልኩም። «ወለላም ሐሙስ ዕለት ሰባተኛዋን ወለደች።»

«ስሟስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቁጠሪ!»

ዳሱ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ኦቦ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። እንደ መርካቶ ነጋዴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «ኦርጅናል ናት?» አሉኝ።

ወደ ጋሼ ፎቶግራፍ ዞርኩ።

«ኦርጅናል ናት፣ ጋሼ» አልኩ።