ሽቦና የክሮቼ ገጽ

ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም። ዘንድሮ በጎልማሶች ክፍል መማር ስጀምር መምህራችን «የምታደንቁትን አንድ ሰው ጻፉ፣ ሰብስበን እናስጠርዘዋለን» አለን። ሌሎቹ ወዲያው ስለ ማን እንደሚጽፉ ተናገሩ። እኔ አቀርቅሬ ቀረሁ። ሰው አጥቼ አይደለም፤ የእህቴን ልጅ በኔ እጅ ጽሑፍ አሳንሳት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው። የተሳሳትኩትን እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

ሽቦ እንላታለን። ልጅ እያለች ኪሷ ሽቦ ጠፍቶት አያውቅም ነበር፤ ልብሷን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አሁን አድጋ ዌብ ዴቨሎፐር ሆናለች። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቃት «አክስቴ፣ ሱቅ ዕቃውን የሚያሳይበት መስኮት አለው አይደል? እኔ ኢንተርኔት ላይ ያንን መስኮት ነው የምሠራው» አለችኝ። በዚህ ገባኝ።

አዲስ የወጣ ዕቃ ነፍሷ ነው። ምሳ እየበላች እንኳ ስልኳ ላይ ትፈልጋለች። አንድ ቀን የሚታጠፍ ስልክ በፎቶ አሳየችኝ። «ይሄን ማጠፊያ ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!» አለች። ትንሽ አኝካ ደግሞ «ግን አክስቴ፣ ሱሪ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ቢታጠፍ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

«መስመሩ ላይ ይሳሳል» አልኳት።

«ይኸው! ይሄን የሚጠይቅ የለም» ብላ ስልኩን ገፋ አደረገችው።

መሥሪያ ቤቷ ደግሞ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ሰጥቷት ነበር። ሁለት ቀን አድርጋ አወለቀችው። «ስቀመጥ ተነሺ ይለኛል፣ ስነሳ ጎበዝ ይለኛል። እናቴ መች አነሰችኝ?» አለች። እህቴ ከወዲያ ሆና «እኔ መቼ ጎበዝ ብዬሽ አውቃለሁ?» ብትል ሳቃችንን ለቀቅነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የራሷን ነገር ትሠራለች። ማንም አላዘዛትም። ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ላይ ጀርባቸው የተከፈተ ሦስት አሮጌ ስልኮች፣ ቡሎን የተሞላ አሮጌ የቅባት ቆርቆሮ፣ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ኪቦርድ ታገኛላችሁ። ግቢያችን ውሃ የሚመጣው ደስ ባለው ሰዓት ነው። እሷ ክብሪት የምታክል ነገር ቧንቧው ላይ አሰረችና ውሃ ሲመጣ በአምስቱም ተከራይ ክፍል ትንሽ አረንጓዴ አምፖል እንዲበራ አደረገች። መጀመሪያ ላይ ቧንቧው አየር ሲያወጣም ይበራ ነበር። አከራያችን ባልዲያቸውን ይዘው ሮጠው ወጥተው «አንቺ ሽቦ! አምፖልሽ ዛሬም ዋሸኝ!» ብለው ጮኹ። «እማማ፣ የዋሸው ቧንቧው ነው፣ አየር ልኮብን ነው» አለቻቸው። ሳቀች እንጂ አልተወችውም፤ በሳምንቱ አስተካከለችው። አሁን ጀሪካን አሰልፎ የሚጠብቅ የለም።

ወደ ራሴ ነገር ልምጣ፤ እሷን ያወቅኋት በዚህ ነውና።

እኔ የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ መቀበያው ላይ ነው። እዚያ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ለየደንበኛው የክር ምልክት ነበረኝ። ኮሌታው ውስጥ እሰፋለሁ። ሁለት ቀይ ስፌት ከሆነ የሹፌሩ ነው፣ ሮዝ የነርሷ፣ ሐምራዊ የፋርማሲስቱ። አንድም ልብስ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ለምን በክር እንደምሠራ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ልማዴ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን ታብሌት ገዝቶ መጣ። «ከመጪው ወር ጀምሮ የደንበኛው ስምና ስልክ፣ የልብሱ ዓይነት፣ ሁሉም እዚህ ላይ ይጻፋል። ይሄን ላልቻለ ሰው ሌላ ቦታ የለኝም፣ ይቅርታ» አለ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

በዚያው ሰሞን ሽቦ የሠራችውን አንድ የኢንተርኔት ገጽ ስልኳ ላይ ይዛ መጣችና «እስቲ አንብቢልኝ፣ ፊደሉ አንሷል?» አለችኝ።

«መነጽሬን ረስቼው…» አልኩ።

«አክስቴ፣ መነጽር መቼ ገዛሽ?»

እንባዬ መጣ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አይዞሽ አላለችኝም። «ነገ ፈቃድ እወስዳለሁ፣ ሥራሽ ቦታ አብሬሽ እውላለሁ» ነው ያለችው።

እንዳለችውም ከጠዋት እስከ ማታ በልብስ ከረጢት መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጄን እጄን ስታይ ዋለች። ስንወጣ አለቃው ቢሮ ገባች። «አንድ ሳምንት ይስጡን። በኔ መንገድ ይሞከር። አንድ ልብስ ከተሳሳተ የኔው መንገድ ይቀራል» አለችው። እሱም እስቲ ይሁን አለ።

ለታብሌቱ የሠራችልኝ ገጽ ከኔ ምንም ፊደል አይፈልግም። ደንበኛው ስሙንና ስልኩን ራሱ ይጽፋል፤ እኔ የክሩን ቀለምና የስፌቱን ብዛት እነካለሁ። ሲመለስ ስሙን ነክቶ ያሳየኛል፣ ክሩ በሥዕል ይመጣልኛል። ሹፌሩ ታብሌቱን ሳዞርለት «እንዴ እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ቀጠርሽኝ? መቼ ልጀምር ታዲያ?» አለ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሦስት ቀን እንዲህ ቀለለልኝ።

በአራተኛው ቀን ነርሷ መጣች። ታብሌቱ ሮዝ ክር አሳየኝ። ከመስቀያው ላይ ሮዝ ክር ያለው ነጭ ጋዋን አነሳሁ። ኪሱ በብዕር ብዛት የላላ ነው፤ የነርሷ ኪስ እንዲህ አይደለም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ማሽን ከኔ ይሻላል ብዬ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ መጣ፣ ጋዋኑ የለም። ለካ የሱ ሐምራዊ ክር በእጥበት ብዛት ለቆ ሮዝ መስሏል።

ሽቦ ስደውልላት ሥራዋን ትታ መጣች። ነርሷ ዘንድ በእግሯ ሄዳ ጋዋኑን አመጣች፣ ፋርማሲስቱን ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ቀስ ብዬ «ልጄ፣ ተመልሷል እኮ። አለቃው አላየም» አልኳት።

«አንድ ልብስ ብያለሁ፣ አክስቴ» አለችና ቢሮው ገባች። ተከተልኳት።

«ዛሬ ተሳስቷል» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው። የክሩን ቀለም የወሰድኩት አዲስ ሳለ ነው፣ ሲታጠብ እንደሚለቅ አላሰብኩም። አክስቴ በራሷ መንገድ ስትሠራ ተሳስታ አታውቅም። እንዳልኩት የኔው ይቅር።»

የሷ መንገድ ከቀረ እኔም መቅረቴ ነው። ታውቃለች። ግን አልዋሸችም። እሷ እንዲህ ቆማ እኔ መደበቄ አሳፈረኝ። «አለቃ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አልኩ። «ክሩ ለዚያ ነው።»

አለቃው ቀና ብሎ አየኝ። ተነስቶ ወደ መስቀያው ሄደና አንድ ሸሚዝ አወጣ። «የማን ነው?» አለኝ። ኮሌታውን ገልብጬ ነገርኩት። ሌላ አወጣ፣ ነገርኩት። ስምንት ልብስ አወጣ። ከታብሌቱ ጋር እያስተያየ ነበር። ሲጨርስ ጭንቅላቱን አከከ።

«አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስትሠሪ እኔ የት ነበርኩ?» አለ። ወደ ሽቦ ዞሮ «ቀለሙን አስተካክዪው። ሳምንቱ ከሰኞ እንደገና ይቆጠራል። እትዬ ግን ከመቀበያው የትም አትሄድም፣ ማሽኑ ይስተካከልላት» አለ።

ቅዳሜ ሽቦና እኔ ክር ስናጥብ ዋልን። እያንዳንዱን ቀለም አንዴ፣ አሥሬ፣ ሠላሳ ጊዜ አጥበን ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርነው፤ እሷ እየተጎነበሰች ፎቶ ታነሳለች። «አዲስ ነገር ሳይ ዓይኔ ይታወራል። ሌላውን እየተቸሁ ራሴ ያንኑ ሠራሁ» አለች፣ ለራሷ ነው የምታወራው። በሠላሳኛው እጥበት ሐምራዊውና ሮዙ መንታ መሰሉ።

«አክስቴ፣ አንቺ እነዚህን በምን ትለዪያቸዋለሽ?»

«ገልብጪው። ቋጠሮው ውስጥ ቀለሙ አይለቅም» አልኳት።

ገለበጠችው። ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ ማስታወሻዋን ሳበችና «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ፣ ልጻፈው» አለችኝ።