የአባቴ ኪስ ያለበት ደሪቶ

ደሪቶ የሚለውን ቃል ዛሬ ሰው የሚያነሳው ለስድብ ነው። በእኛ ቤት ግን ደሪቶ የአልጋ ልብስ ነው። ያረጀው አይጣልም፤ ሌላ ጨርቅ ከላዩ ይነጠፍና በመርፌ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሰፋል። ያም ሲሳሳ ሌላ ይደረብበታል። የእኔ ሥሩ የአያቴ ነው፣ መሐሉ የእናቴ፣ ላዩ የእኔ። ክብደቱን እንግዲህ አስቡት፤ ክረምት ላይ ከሥሩ ገብቶ በረደኝ ያለ ሰው አላየሁም።

ባለፈው ከቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ ስመለስ፣ አልጋዬ ባዶውን ጠበቀኝ። በሩ ላይ አዲስ ቀይ ሳፋ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ልዋጭ መጥቶ ነበር፤ ያንን አሮጌ ነገር ሰጥቼ ሳፋ ወሰድኩልዎት" አለች የልጄ ሚስት፣ ደስ ብሏት። ክፉ አይደለችም፤ ልታሳርፈኝ ብላ ነው።

ልዋጮች ጨርቅ የሚያራግፉት ኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ ፍራሽ ሠሪው ጋ ነው። እሱ ደግሞ ቀዳዶ ፍራሽ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ሳፋውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ለወትሮው ሦስት ቦታ የማርፍበት መንገድ ላይ ያን ቀን አንዴም አላረፍኩም።

ስደርስ ደሪቶዬ ጭኑ ላይ ነው፣ ምላጭ በእጁ።

"ልጄ፣ እሱ የእኔ ነው።"

"እማማ፣ እዚህ ያለው ጨርቅ ሁሉ የሆነ ሰው ንብረት ነበር። የእርስዎ መሆኑን በምን ልወቅ?"

"የግራውን ጠርዝ ፍታው። ከአበባው ጨርቅ ሥር የአባቴ ካኪ ኮት ኪስ አለ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ፤ መስመሩ እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው።"

ሳቀ። "ከሌለስ?"

"ሳፋውም ደሪቶውም ያንተ።"

ምላጩ ክር በክር ሲበጥስ ትንፋሼን ያዝኩ። ያኔ እናቴ ስፌቴን አይታ ትፈታዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "እጅሽ እዚህ ይኑር" ብላ ጨርቅ ደረበችበት። ከዚያ ወዲህ እኔም አላየሁትም። ኖሮ ነው ወይስ በሕልሜ ነው?

ካኪው ብቅ አለ። ከዚያ ኪሱ፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ። ከዚያ ያ የሰከረ ስፌት።

ሰውዬው ምላጩን አስቀመጠ። መስመሩን በአውራ ጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፍ ሄደና፣ "ስንት ዓመት መርፌ ይዤ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም" አለ። ሳፋውን ተቀብሎ ደሪቶዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

በዚያ ፀሐይ፣ ገበያው መሐል፣ እንደ ካባ ለብሼው ሄድኩ።

"እማማ፣ ዛሬ የማን ንግሥ ነው?" አለችኝ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

"የእኔ" አልኳት።

የልጄ ሚስት ነገሩን ስትሰማ ጓዳ ገብታ የመልሷን ቀሚስ ይዛ ወጣች፤ ከወለደች ወዲህ አልገባ ያላት ነው።

"ላዩ ላይ ይደርቡልኛል?"

"ክሩን አንቺ አስገቢ፣ ዓይኔ ደክሟል። መስፋቱም ያንቺ ነው።"

መጀመሪያ የተፈታውን ጠርዝ ሰፋች። ተጣመመባት፣ ከእኔም ባሰ።

"ልፍታው?" አለች።

"እንዳትነኪው" አልኳት።