ለአክስቴ ፌይጆዋ ጓደኛ ይዤ ወደ እስቴ

ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

ፌይጆዋ የሚባል የውጭ አገር ፍራፍሬ ችግኝ፣ አበባ እንዳወጣ ከነጣሳው አቅፌ ቆሜያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ለሚኖሩት አክስቴ ለእትዬ ዘውዴ አንዲት ፌይጆዋ ጓሯቸው ተክዬላቸው ነበር። ቁጥቋጦዋ አደገች፤ በቀያይ አበባም ተሸፈነች፤ ፍሬ ግን የለም። ትናንት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያችን መካን ነገ አስቆርጬ ጌሾ እተክልባታለሁ።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ፌይጆዋ ብቻዋን እምብዛም አታፈራም፤ የሌላ ፌይጆዋ የአበባ ዱቄት ትፈልጋለች። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እስከ ቀትር እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው።

«ዛፉ ጣሪያ ላይ ይጫናል!» ይላል ረዳቱ።

«ነፋሱ አበባውን ያረግፍብኛል!» ተከራክሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ኮረኮንች፣ አቧራ፣ ገና የታረሰ ማሳ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ አበባውን አተኩረው ያዩታል።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ፌይጆዋ፣ አባ።»

«ፌ... ምን?» ሦስቴ ሞክረው ተዉት። «ይህንስ ከመጥራት መብላት ይቀላል!»

መኪናው በሳቅ ሞላ። ወዲያው አንድ በሬ መንገድ ገባ፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ እኔና ችግኜ ከፊት ወንበር ተላተምን። ካሉኝ ሰባት አበቦች አምስቱ ወለሉ ላይ ረገፉ። ልቤ አብሮ ወደቀ። የምፈልገው የአበባውን ዱቄት መሆኑን ስነግራቸው ግን ቄሱ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙልኝ።

«ዱቄቱ እንዳለ ነው፤ እየው» አሉና አበቦቹን በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

ቀትር፣ መካነ ኢየሱስ

ሮጬ ገባሁ። ሊቆርጣት የተጠራው ጎረቤት መጥረቢያውን ይዞ ጓሮ ቆሟል። ሰላምታውን አሳጥሬ አንድ የዶሮ ላባ ለመንኩ፤ በላባው ዱቄቱን ከረገፉት አበቦች እያነሳሁ የአክስቴን ፌይጆዋ አበቦች አንድ በአንድ ቀባሁ።

«አንተ ልጅ፣ ንብ ሆንክ እንዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ።

ችግኙን ከጎኗ ተከልን። ጎረቤትየው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥቅምት፣ እዚያው ጓሮ

ተመልሼ መጣሁ። በስልክ «ፍሬው ሲበስል ራሱ ይወድቃል፤ አይቅጠፉት» ብዬ ስለነበር እትዬ ከቁጥቋጦዋ ሥር ጆንያ አንጥፈዋል። በቅጠሉ መሃል እንቁላል የሚያካክሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንደኛው ጆንያው ላይ ወድቋል።

ለሁለት ሰነጠቅኩትና ማንኪያ ሰጠኋቸው። ጓሮው አናናስ አናናስ ሸተተ። ቀመሱ። እንደገና ጨለፉ። አንዱን ግማሽ ጨርሰው ሁለተኛውን አነሱ፤ ልጣጩ ባዶ እስኪቀር ፋቁት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ውይ ልጄን! ላንተስ?»