ምናለሽ ተራ የተቀረጸው ማህተም

ይህ ነገር የገጠመን ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም መርካቶ ውስጥ ዕቃ የተደረደረበት የእንጨት ፓሌት ባየሁ ቁጥር ሽፈራው የሚባለው ደላላ ትዝ ይለኝና ደሜ ይፈላል።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ሰባተኛ አካባቢ ኮረሪማ ትነግዳለች። ስንት ዓመት ለፍታ በመጨረሻ የውጭ አገር ገዢ አገኘች። ኮረሪማውን ለማንም አላመነችም፤ ራሷ ቁጭ ብላ ለቀመችው። የግብርና ተቆጣጣሪው መጥቶ አየና "ዕቃሽ ንጹሕ ነው፤ ፓሌቱ ግን ውስጡ ያለው ትል እንዲሞት በምድጃ ሞቆ፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ማህተም ሊመታበት ይገባል" አላት። ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። የድርጅቱ ወረፋ ደግሞ አይቀመስም፤ መርከቡም አይጠብቅም።

ይሄኔ ሽፈራው ከተፍ አለ። ስለዚሁ ሕግ በተደረገ ስብሰባ ላይ ምሳ በልቶ ስለመጣ ኤክስፐርት ሆኗል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉለትን ባጅ ሳያወልቅ ሳምንቱን ሙሉ መርካቶን ዞረበት።

"እትዬ ዘይነባ፣ እንጨት እንጨት ነው። ፈረንጅ የሚያየው ማህተሙን ነው" አላት።

"ሕጉ እኮ አሙቁት ነው የሚለው" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ስብሰባው ላይ ነበርክ?"

እህቴ መርከቡ እንዳያመልጣት ፈርታ እሺ አለች።

ሽፈራው ቁራጭ ብረት ወደሚቀጠቀጥበት ምናለሽ ተራ ሄደ። ከውጭ ዕቃ ጭኖ በመጣ አሮጌ ፓሌት ላይ ያገኘውን ምልክት እንዳለ አስገልብጦ የብረት ማህተም አስቀረጸ። ብረቱን በእሳት አግሎ ጥሬው እንጨት ላይ ሲተኩሰው "ይኸው፣ ሙቀቱንም አገኘ!" ብሎ ሳቀ። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አብሮት ሳቀ።

ዕቃው ባሕር ተሻግሮ እንደደረሰ ተያዘ። እንጨቱ ውስጥ በሕይወት ያለ ትል ተገኘ። ማህተሙ ላይ ያለው የአገር ምልክት ደግሞ የቻይና ነበር። የመርካቶ ጥሬ ባሕር ዛፍ ቻይና ድረስ ሄዶ ምድጃ ሞቋል ማለት ነው! ያ ሁሉ ኤክስፐርትነት ማህተም ላይ አገር እንደሚጠቀስ አላወቀም። ኮረሪማው ከነፓሌቱ ተቃጠለ። ገዢውም ሁለተኛ አልደወለም።

ሽፈራውን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አገኘሁት። ያፍራል ብዬ ነበር።

"ምቀኞች ናቸው! የአፍሪካ ዕቃ ሲያዩ ነው ትል የሚታያቸው። ለሚቀጥለው ጊዜ 'ኢትዮጵያ' የሚል እናስቀርጻለን" አለኝ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች የኛን የምድጃ ወረፋ አያውቁትም፤ ይሄም ያናድደኛል። እነሱን ግን ይቅር እላለሁ። ሽፈራውን ይቅር የምልበት ጉልበት ነው የሌለኝ፤ ሰላም ሲለኝ የጠራኝ ሰው እንደሌለ ቆጥሬ አልፋለሁ።

እህቴ ወደ ችርቻሮዋ ተመለሰች። ስለ ውጭ ንግድ ሲወራ ተነስታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ሱቅ ስንዘጋ፣ "ኮረሪማዬ ላይ ግን ምንም አልተገኘም፣ አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ምንም አልተገኘም" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ምንም አልተገኘበትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።