የናሙናው ቀጠሮ

ወንድሜ ሸማኔ ነው። እሱ ደጋ ላይ ይሸምናል፣ እኔ ታች ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለችኝ ጠባብ ሱቅ እሸጥለታለሁ። በእኛ ሥራ ናሙና ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አንዲት ሴት የእናቷን ነጠላ ጥለት ትወድና ከጫፉ ቁራጭ ታመጣልኛለች፤ ልክ እንዲህ ያለ ይሠራልኝ ትላለች። ቁራጩን ለወንድሜ እልክለታለሁ። እሱም ክሩን እያገላበጠ ያይና ቀን ይቆርጣል። ናሙና ተቀብሎ በቀጠሮው ያላደረሰ ሸማኔ እኛ አገር ስሙ በደግ አይነሳም።

የወንድሜ ሴት ልጅ ጉንጭ ላይ አንዲት እብጠት ወጣች። ደጋ ላይ ቦልቦ ይሏታል፣ ሐኪሞቹ ቁንጭር። ከቋጥኝ ስንጥቅ የምትወጣ፣ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ነክሳ ነው የምታመጣው አሉን። ብዙ ሰው ላይ ወጥታ፣ ጠባሳዋን ትታ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። የእሷ ግን አልሄደችም። ሰፋች፣ ቆሰለች፣ ወደ አፍንጫዋ ተጠጋች። ልጅቷ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ፊት ረድፍ ላይ ነበር የምትቆመው። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ወጥቼ ከሁሉም ኋላ ቆማ አየኋት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ። ድምፅዋ ግን እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ይዣት ወረድኩ።

ሆስፒታል ያገኘነው ወጣት ሐኪም ከሰሜን የመጣ፣ እናቴ እያለ የሚጠራኝ ትሑት ልጅ ነው። መርፌውን የቁስሉን ዙሪያ ይወጋታል። ጥፍሯን መዳፌ ላይ ተክላ፣ “አክስቴ፣ አንድ ነገር አውሪኝ” ትለኛለች። እኔ መቼ ወሬ አጣለሁ! ጫሞ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ከአንዲት ነጋዴ ሳፋ ላይ ዓሣ ነጥቆ፣ ሴትዮዋ በአንድ እግር ጫማዋ ስታባርረው የሆነውን አወራላታለሁ። እያለቀሰች ትስቃለች። መርፌው አለቀ፣ ቁስሉ አልደረቀም።

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መድኃኒቱ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ጀርም ነው፤ የእኛ አገሩ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ለእኛው የሚሆን ለምን አይሠራም ብዬ ጠየቅሁት። ክትባትም ለማግኘት ብዙ ሰው ደክሟል፣ ለሰው የደረሰ ግን የለም አለኝ። መድኃኒት ማውጣት ዓመታት ይፈጃል፣ የደጋ ድሃ በሽታ ደግሞ ገዢ የለውም። ይህን ሲለኝ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

በኋላ ጥናት አለ ተባለና ወንድሜም ወረደ። ከቁስሉ ጠርዝ ፍቀው ወሰዱ። ሐኪሙም ናሙና ወስደናል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እናሳድገውና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እናያለን አለ። ወንድሜ የሰማው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ውጭ እንደወጣን ፊቱ በርቶ፣ “ናሙና ከወሰዱማ ልክ ለእሷ የሚሆነውን ሊሠሩላት ነው” አለኝ። እንደዚያ አይደለም አልኩት፤ በቋንቋችን በጋሞኛም ደገምኩለት። አንቺ ሻጭ ነሽ፣ የናሙናን ነገር ለእኔ ተይልኝ ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ገበያ በዋለ ቁጥር ይደውላል። ደረሰ ወይ ይለኛል። አልደረሰም ስለው አይቆጣም፤ እንደ ሙያ ባልደረባ ያዝንላቸዋል። ጥለቱ ከብዷቸው ይሆናል፣ ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ክሩን አጥተውት ይሆናል። እኔም ይሆናል እለዋለሁ። ምን ልበለው?

ሐኪሙ ሲጠራን የአፍንጫዋ ጫፍ መበላት ጀምሮ ነበር። ናሙናው ሻግቶ ምንም አልበቀለም አለን። ሌላ እንድንሰጥ ለመነን።

ወንድሜ የጋቢውን ጫፍ ክር በጣቱ አገላበጠ። ከዚያ በቀስታ፣ “ሌላ ብንሰጥስ፣ መቼ ትጨርሱታላችሁ?” አለ።

“አባቴ፣ ቀን ልቆርጥልዎ አልችልም” አለ ሐኪሙ። “ናሙናው በሽታውን ለማወቅ ነው። መድኃኒቱን የምሠራው እኔ አይደለሁም። ማን እንደሚሠራውም አላውቅም።”

ያን ጊዜ ገባው። ሸማኔ ያልሆነ ሰው ፊት ናሙና ይዞ እንደቆመ ደንበኛ ቆመ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ልጅቷ ነበረች ነጠላዋን ራሷ አውርዳ ጉንጯን ለሐኪሙ ያዞረችለት። እጄን ያዘች።

“አክስቴ፣ አንድ ነገር አውሪኝ።”

አፌን ከፈትኩ። አባ ኮዳውን ፈለግሁ፣ ሴትዮዋን ፈለግሁ፣ ሐይቁን ፈለግሁ። አንድም አልመጣልኝም። ሐኪሙ መፋቂያ ምላጩን አነሳ። እሷ እየጠበቀችኝ ነበር።