የውቤ መርዶ

ብሩክ ከሦስት ዓመት በኋላ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ መሳለሚያ ከታክሲ ከመውረዱ በፊት የሚዋሸውን ውሸት ደጋግሞ ተለማምዶታል። «ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው። ያለበት ቦታ ኔትዎርክ የለም።» ሲረዝም ምላሱ እንዳይተሳሰር ብሎ ነው ያሳጠረው።

የሚዋሸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእትዬ ቦሰና። የቀረው ሰፈር እውነቱን ያውቀዋል። የእትዬ ቦሰና አንድያ ልጅ ውቤ፣ የብሩክ አብሮ አደግ፣ ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ከጁባ የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ የመንገድ ሥራ ካምፕ በወባ ሞቷል። ሁለቱም እዚያ ቀያሾች ነበሩ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት፣ ትንሿ አውሮፕላንም ጭቃው ላይ ማረፍ አቅቷት፣ በዚያ ሙቀት አስከሬን ማቆየት ስላልተቻለ ካምፑ አጠገብ ቀበሩት። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ብሩክ ነው። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ሲደርስ የደወለው ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ አለሙ ነበር። ጋሽ አለሙ «እኛ እናውቅበታለን፤ አንተ ብቻ እንዳትደውልላት» አሉት።

አወቁበትም። መጀመሪያ ፍልሰታ ነው ተባለ፤ በጾም የደከመ ሰው እንዴት ይረዳል? ከዚያ እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ዓመት በዓሏን ለምን እናበላሽባታለን ተባለ። ከዚያ መስቀል መጣ። ከመስቀል በኋላ ሰበብ ሲጠፋ ደግሞ «በዓይኑ ያየው ብሩክ ይምጣና እሱ ባለበት ትረዳ» ተባለ። አንድም ሰው ክፉ አላሰበም። ሁሉም ያዘነላት ነው፤ እንዲህ እያዘኑላት ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀረው።

የብሩክ እናት ሠርኬ ልጇን አገላብጣ ከሳመችው በኋላ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ጆሮው ላይ ተጠጋች።

«ቦሰናን አየሃት?»

«ገና አሁን መግባቴ ነው፣ እማዬ።»

«ዛሬውኑ ሂድ። ካልሄድክ ትጠረጥራለች። መርዶው ለእሑድ ንጋት ተቆርጧል፤ አራት ቀን ነው፣ ቻለው።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። «እኔ በሱቋ በኩል ካለፍኩ ወር ሆኖኛል። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

እትዬ ቦሰና መርካቶ ውስጥ ጌሾና ብቅል ይሸጣሉ። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው፣ ባል ቀብረው፣ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያደረሱት በዚያች በር በምታህል ሱቅ ነው። ከደጃፉ ጀምሮ የተወቀጠ ጌሾ አቧራ አፍንጫ ይገባል፤ ያልለመደው ገዢ ሳያስነጥስ አይወጣም። ብሩክን ሲያዩት የያዙትን ወንፊት ጥለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«የልጄ ጓደኛ! የልጄ ወንድም! ወፍሯል? ይበላል?»

«ደህና ነው» አለ ብሩክ። «ሥራ በዝቶበት ነው። ኔትዎርክ የለም።» የተለማመደው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። የሚጨምረው ሲያጣ ሳቀ፤ በመሳቁ ራሱን ጠላው።

እትዬ ቦሰና ግን አላስተዋሉም። የሚነግሩት ጉዳይ ስለነበራቸው ቸኩለዋል። በርጩማ ስበው አስቀመጡትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሚስት አግኝቼለታለሁ። ፀደንያ ትባላለች፤ አብነት ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰኔ ላይ ሲደውል ‹አንቺ የወደድሻት ትሁን› ብሎኛል። ቅዳሜ ሽማግሌ እልካለሁ። አንተም ጠባዩን የምትመሰክር ነህና ከሽማግሌዎቹ ጋር ትሄዳለህ።»

«ማንን ነው የሚልኩት?» አለ ብሩክ።

«ጋሽ አለሙን ነዋ! ብነግራቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው። እንባቸው መጣ እኮ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ አለሙ ቤት ሄደ። የእሑዱን መርዶ የሚመሩት ሰውዬ ቅዳሜ ለሟቹ ሚስት ሊጠይቁ መሆኑን በምን ቃል እንደሚያነሳው መንገድ ላይ ሲያስብ ደረሰ። ጋሽ አለሙ ግን አስበውበት ጨርሰዋል።

«ዓርብ ላይ ወገቤን አመመኝ እላታለሁ። ትተወዋለች።»

«ለምን ዛሬ አንነግራትም፣ ጋሼ?»

«ዛሬ?» ጋሽ አለሙ በንዴት አዩት። «ድንኳኑ እስከ ቅዳሜ ማታ ሌላ ለቅሶ ላይ ነው። ወንበሩም እንደዚያው። መርዶ እንዲሁ ተነስቶ አይነገርም፣ ልጄ፤ ሥርዓት አለው።»

ሥርዓቱ እውነት ነው፤ ሰው በንጋት ተሰብስቦ፣ የሚደግፉ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው፣ ውኃ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠራ ደግ ሥርዓት ነው። የብሩክ ችግር እስከዚያ ድረስ ብቻዋን የምትስቅ ሴት መኖሯ ነበር።

ማታውን ከእሱና ከውቤ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረውን ጠሀን ሊያይ ሄደ። ጠሀ ሞባይል ይሸጣል፣ ይጠግናልም። ተቃቅፈው ቆይተው ሲላቀቁ ጠሀ መጀመሪያ ያለው ስለ ናፍቆት አልነበረም።

«አቦ፣ ገላግሉኝ! እትዬ ቦሰና በየሳምንቱ ስልኬ ተበላሽቷል እያሉ ይመጣሉ። የውቤን ቁጥር ይደውሉና ‹ይኸው አይገባም፣ እየው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከፈትፈት አድርጌ፣ እፍ እፍ ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ወላሂ ሁለት ጊዜ ደህናውን ባትሪ ቀይሬላቸዋለሁ። አመስግነውኝ ይሄዳሉ!» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ። ሁለቱም እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ደንበኛ ሲመጣ ጠሀ ዓይኑን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ቅየሳ ያስተማሯቸውን ዶክተር ጴጥሮስን ሊጠይቅ አማኑኤል ሰፈር ወደ ቤታቸው ሄደ። እሱንና ውቤን ከሥራው ያገናኟቸው፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም የጻፉላቸው እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሰውነታቸው አልቋል። ክፍል ውስጥ ጠመኔ የሚወረውሩበት ጉልበት የት እንደሄደ ይገርማል። ስለ ብሩክ ጤና ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደሚፈልጉት ገቡ።

«ስንት ቀን ታመመ?»

«አራት ቀን።»

«መድኃኒትስ?»

«አልቆ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል ሲሉን ነበር።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደብዳቤው ላይ ‹አስቸጋሪ ቦታ የሚችል› ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ለእሱ አስቤ ነው፤ የተሻለ ቦታ እንዲይዝ።» ብሩክ የእትዬ ቦሰናን ነገር ነገራቸው።

ዶክተሩ አዳምጠው፣ ድሮ እንደሚያደርጉት በጥያቄ ጀመሩ። «ለክተህ ለክተህ መጨረሻው ከመነሻው አልገጥም ሲል ምን ታደርጋለህ?»

«ስህተቱን ለሁሉም ነጥብ አከፋፍለዋለሁ።»

«አዎ። ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ስለሚደርሰው ማንም ጥፋተኛ አይመስልም። ሰፈራችሁ ያደረገው ይህንኑ ነው። ግን የሚከፋፈለው ትንሽ ስህተት ሲሆን ነው። ከበዛ ተመልሰህ ሄደህ እንደገና ትለካለህ።»

«ታዲያ ልንገራት?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ ዶክተር ጴጥሮስ። «እኔ መርካቶ ስወርድ በእሷ ተራ ላለማለፍ ዙሪያውን የምሄድ ሰው ነኝ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብሩክ የጋሽ አለሙ የወገብ ሕመም ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ሱቁ ሄደ። እትዬ ቦሰና ጸጉራቸውን ተሠርተው ደርሰዋል። አዲስ ነጠላ ገዝተው ፌስታሉን ከብቅሉ ጆንያ በላይ ሰቅለውታል።

«ጋሽ አለሙ ወገቤን አሉኝ» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «ምን ቸገረኝ፣ ከዚሁ ከገበያው ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች አግኝቻለሁ። ነገ በሦስት ሰዓት ነው። አንተ ካኪ ሱሪህን ተወውና ደህና ልብስ ልበስልኝ። የልጅቷ አባት ሰው አያምንም ይላሉ፤ ‹ሱዳን ያለ ሰው መኖሩን በምን አውቃለሁ› ብሏል አሉ። መስቀል ይዘህ ትምልለታለህ። በሕይወት አለ፣ ለጥር ይመጣል ትለዋለህ።»

ብሩክ እስካሁን ሁሉንም ችሏል። ይህን ግን አልቻለም። የእሑዱ ንጋት፣ ድንኳኑ፣ ደጋፊዎቹ ሴቶች ሁሉ ከፊቱ ጠፉበት።

«እትዬ ቦሴ፣ ነገ አይሂዱ።»

«ለምን?»

«ውቤ ሞቷል። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

እትዬ ቦሰና አዩት። ከዚያ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ነከሱት። በጆንያው ላይ ተቀመጡ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ ጎረቤት ነጋዴዎች በዋጋ ይከራከራሉ፤ ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» ይላሉ። ከእትዬ ቦሰና የሚወጣው ድምፅ ከዚያች ሱቅ አላለፈም። ትከሻቸው ይዘላል፣ አንገታቸው ይወጠራል፣ ጨርቁ ግን ከአፋቸው አልወጣም። ብሩክ ሰው ሊጠራ ቢነሳ የእጁን አንጓ ጨምድደው ያዙት። ጉልበታቸው አስደነገጠው። ምን ያህል እንደቆዩ አያውቅም።

ጨርቁን ሲያወጡ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «መቼ?»

«ሐምሌ ሃያ አራት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። «አርባው ጳጉሜ ሦስት ነው።»

«አዎ።»

«ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው።» ድንገት ቀና አሉ። «ሩፋኤል ዕለት ዝናቡን ስንጠመቅ፣ ግቢው መሃል ቆሜ ከሴቶቹ ጋር ስስቅ ነበር። እናትህም አብራኝ ነበረች። ጠበሉን ራሷ ላይ አፍስሼላት ‹ለውቤም ይድረሰው፣ በሰላም ያምጣልኝ› ብል፣ ‹አሜን› አለችኝ። ሠርኬ እኮ ናት! አሜን አለችኝ።»

ብሩክ አንገቱን ደፋ።

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«ፊቱንም?»

«ፊቱንም።»

«ቄስ ነበር?»

«አልነበረም። አባታችን ሆይ አልንለት።»

ሁለቱንም እጆቹን ስበው መዳፉን ሳሙት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። «አሁን ሂድ» አሉት። «የልጅቷን ቤተሰቦች እኔው አሞኛል ብዬ አስቀራቸዋለሁ። ነገርኳት ብለህ ለማንም አትተንፍስ። ሳይፈቀድለት ተናገረ ብለው አንተንም እናትህንም ይጠምዷችኋል። እሑድ ከእነሱ ጋር ና።»

«እርስዎስ እስከዚያ?»

ደጃፉ ላይ አንዲት ገዢ «ጌሾ አለ?» ስትል ተነሱ። «አለ፣ ግቢ» አሉ እትዬ ቦሰና፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው። ሴትየዋ ዓይናቸው መቅላቱን ስታይ «አቧራው አይጎዳሽም?» አለቻቸው፤ «ለምጄዋለሁ» አሏት።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩ ጋቢውን ለብሶ በእትዬ ቦሰና ደጅ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ለመያዝ ከፊት ቆሙ፤ ሠርኬ ከሁሉም ፊት ነበረች። በሩ ሲንኳኳ እትዬ ቦሰና ነጭ ለብሰው ከፈቱ፤ ሰውን አዩ እንጂ ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። ጋሽ አለሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቦሰና፣ በርቺ እንግዲህ። የሰው ልጅ ነንና። ውቤ ትንሽ ታሞ ነበር። ሐሙስ ዕለት አረፈ። ስልኩ የተደወለልን ትናንት ማታ ነው።»

ብሩክ ይህን አልሰማም ነበር፤ አልነገሩትም። ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ለሞቱ አዲስ ቀን አውጥተውለታል። ሐሙስ ከሆነ አርባው ገና ነው፣ ተዝካሩ አላለፈም፣ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም የሚል ጥያቄ የለም። ብሩክም ሲመጣ «ደህና ነው» ማለቱ ውሸት መሆኑ ቀረ። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቃል ነጻ ወጣ።

ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። ከሁሉም የሠርኬ ድምፅ ጎልቶ ወጣ። እትዬ ቦሰና ግን አልጮኹም። ግራና ቀኝ ክንዳቸውን የያዟቸው ሴቶች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» እያሉ ቢወዘውዟቸውም ዓይናቸው ደረቅ ነበር። አንዷ «ድንጋጤ ነው» ስትል ብሩክ ሰማት። የሁለት ቀን ለቅሷቸውን ነጠላ ነክሰው እንደጨረሱት ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሊናገር አሰበ። አፉን ከፈተ። እትዬ ቦሰና አዩትና ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ ተወው ማለታቸው ነው።

«የዚህ ሳምንቱ ሐሙስ?» ብለው ጠየቁ።

«የዚህ ሳምንቱ» አሉ ጋሽ አለሙ።

እትዬ ቦሰና የተሰበሰበውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ አዩት፤ እንቁጣጣሽን አብሯቸው የበላውን፣ መስቀልን አብሯቸው የደመረውን። ዓይናቸው ሠርኬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። «ቶሎ ነገራችሁኝ።»

የሠርኬ ጩኸት መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ጋሽ አለሙ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና ጎንበስ አሉ።

«ግዴታችን ነው፣ ቦሰና» አሏቸው።