የ«ራን» እና የ«ቴክ» ዳኛ

ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ከበሩ በስተቀኝ፣ የገበር ጨርቅ ጥቅሎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቱ አስጎብኚ ፊት ለፊታቸው መስታወቱን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ለካፖርቴ ቁልፍ ልገዛ ገብቼ፣ ጃንጥላዬን ከጎኔ አቁሜ መሀል ላይ የሱቁን ብቸኛ ወንበር ይዣለሁ።

ሱቁ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ የሚገኝ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት ነው። ባለሱቁ ለልጁ የእንግሊዝኛ አስጠኚ ፈልጎ፣ ሁለቱ ሰዎች ለዚያው ሥራ በተመሳሳይ ሰዓት መጡበት። ለመምህሩ ከጡረታ ወዲህ የተገኘ የመጀመሪያ የሥራ ዕድል ነበር፤ ከረባት አስረዋል።

ባለሱቁ እንግሊዝኛ አይችልም። መፈተኛ ግን አላጣም፦ እያንዳንዳቸው አንድ ተራ ቃል ይምረጡና ትርጉሙን ይዘርዝሩ፤ ብዙ ያወጣ ያስተምራል።

«ይህንንማ ስልኩ ይነግርህ የለም?» አልኩት።

«ስልክ ልጄን አይቆጣልኝም፣ እትዬ። እርስዎ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ነዎት፤ ይዳኙን።»

ለአንድ ትርጉም አንድ ቁልፍ ጭኔ ላይ እንዳስቀምጥ ተስማማን፤ ለመምህሩ ጥቁር፣ ለአስጎብኚው ነጭ።

መምህሩ «ራን»ን መረጡ። ከመሮጥ ጀምረው ወደ ቧንቧ ውሃ መፍሰስ፣ ወደ ሞተር መሥራት፣ ድርጅት ወደ መምራት፣ ለምርጫ ወደ መወዳደር ሄዱ። ቀለም ሲለቅና የሴት ስቶኪንግ ሲተረተርም «ራን» ነው ሲሉ ባለሱቁ ደስ አለው፤ እነዚህን እሱም ያውቃቸዋል። ችግሩ፣ በየመሀሉ ዐረፍተ ነገር እየሠሩ ያስደግሙናል። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ ደገመ።

አስጎብኚው «ቴክ»ን ይዞ ያለ እረፍት ዘረገፈው። «መውሰድ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ታክሲ መያዝ፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ፈተና መፈተን፣ ምክር መቀበል፣ ጊዜ መፍጀት።»

«ምሳሌ የሌለው ትርጉም አይቆጠርም፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ምሳሌ ሲጠብቅ ቱሪስቱ አውቶቡስ ያመልጠዋል። የአውሮፕላን መነሳትም አለ!»

«እሱ ከኋላው ‹ኦፍ› አለበት! በምርኩዝ የቆመ ቃል ይቆጠራል እንዴ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ነጭ ቁልፍ ጨመርኩ።

ነጩ ጥቁሩን በሦስት በልጦ ሳለ የባለሱቁ አባት ገቡ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። «ኖር!» ብለን ብድግ አልን። እኔም ብድግ አልኩ። ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ከፊሎቹ በበሩ ወጥተው ቁልቁለቱን ያዙ።

«በሞቴ፣ ተቀመጡ» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎ ሳይቀመጡማ!»

ወንበሩ አንድ ነው። እሳቸው ወደ እኔ ይገፉታል፣ እኔ ወደ እሳቸው እገፋዋለሁ፤ ቁልፉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በመጨረሻ ሽማግሌው በልጃቸው ተደግፈው ተቀመጡ።

መምህሩ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጥቁሮቹን መልቀም ጀምረዋል።

«ስንት ደርሼ ነበር፣ እትዬ?» አሉ ከባንኮኒው ሥር።

ሁሉም አየኝ። ሽማግሌውም ነገሩ ሳይገባቸው አዩኝ።

«መምህሩ በአንድ ይበልጣሉ» አልኩ።

«እማማ!» አለ አስጎብኚው። «በዚህ ዓይነት ዳኝነት የውቤ በረሃን ሰፈር በሙሉ እርስ በርስ ያጫርሱታል!»

ባለሱቁ ለመምህሩ «ነገ በአሥር ሰዓት» አላቸው።

ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።